ቁልፉን አትስጡኝ ያሉት ሰው

ጋሼ እንድሪስ ማረፋቸውን የነገረኝ ካሳው ነው፣ የጣቢያችን ዘበኛ። ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ ደወለልኝና «ጋሼ እንድሪስ ሄዱ» አለኝ። «ወዴት ሄዱ?» አልኩት። እንደጠየቅሁት ገባኝ። አገራቸው ግራና ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለቅስ አጠገቤ የነበሩ እናት ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የሥራ ባልደረባቸው ነኝ ልል አልኩና ቀለለብኝ፤ ልጃቸው ነኝ እንዳልል ልጆቻቸው እዚያው ተቀምጠዋል። «አለቃቸው ነበርኩ» አልኩ በመጨረሻ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አለቃቸው ነበርኩ እንጂ አንድም ቀን አዝዣቸው አላውቅም።

የተዋወቅነው መርሳን ወጣ ብሎ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የግብርና ምርምር ጣቢያ ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ፣ አፍንጫዬን ነፍቼ ከወልድያ የመጣሁ ተመራማሪ፤ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው የመስክ ቴክኒሻን። ቴክኒሻን ሲባል ነጭ ጋዋን እንዳይታያችሁ። ሽርጣቸውን ታጥቀው ከላይ የመሥሪያ ቤቱን አረንጓዴ ካፖርት ይደርባሉ፤ ገመድ ወጥረው መስመር ያወጣሉ፤ ዘር ቆጥረው ይዘራሉ። በመጀመሪያው ቀን «ዶክተር» ብለው ጠሩኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራቸው «ትሆኛለሽ፤ እኔ ቀድሜ ልለማመደው ብዬ ነው» አሉ። እስከ መጨረሻው ዶክተር እንዳሉኝ ቀሩ፣ እኔም እስካሁን አልሆንኩም።

ከማሳ ሲወጡ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ነበር። በሩ ላይ ይቆሙና የካፖርታቸውን ሁለቱንም ኪስ ወደ ውጪ ገልብጠው ያራግፋሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው ይመታሉ፣ የሽርጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው ይዳብሳሉ። እኔ በችኮላ ጥያቸው ስሄድ ከኋላዬ «ዶክተር፣ ኪስ» ይሉኛል። ተመልሼ አራግፋለሁ። ማንም አላስተማራቸውም፤ አንድ ፍሬ ከቦታው ከወጣ በኋላ የት እንደበቀለ ማን ያውቃል ነው የሚሉት።

በጦርነቱ ጊዜ ጣቢያዋ ስትዘረፍ ከወንበር እስከ መስኮት የተረፈ አልነበረም፤ ዘሩ ግን ተረፈ። ጋሼ እንድሪስ ቀደም ብለው ከረጢቶቹን በአህያ ጭነው ቤታቸው ወስደው በጭድ ሸፍነዋቸው ነበር። በዚያው ሰሞን በቤታቸው ዱቄት አልቆ ነበር። ነገሩ ሲረጋጋ መልሰው ሲያስረክቡ አንድም ከረጢት አልተፈታም፤ መለያ ወረቀቱ ሳይቀር እንዳለ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ይህን ባነሱ ቁጥር ንዴታቸው ይታደሳል። «እኛ ሽምብራ ቆርጥመን ስናድር የመንግሥት በቆሎ ከአልጋችን ሥር ተኝቷል» ይላሉ። ጋሼ እንድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ ይስቃሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው ጥፋቱን ያጠፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አካባቢ በቆሎ የዘራ ሁሉ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል ያውቀዋል፤ አገዳውን ከውስጥ ቦርቡሮ ይጥለዋል። ይህን ትል የሚቋቋም ባሕርይ በቤተ ሙከራ የገባበት በቆሎ አለ፤ በሕጉ አጠራር ልውጠ ሕያው ይባላል። እኛ የተመረጥነው በጣቢያችን እንድንሞክረው ነበር። ይጠቅማል፣ ይጎዳል የሚለው ክርክር ገና አላለቀም፤ የሰፈሩ ሰው ጋሼ እንድሪስን እየያዘ ሲጠይቃቸው «እስኪታወቅ ነው አጥር የምናጥረው» ይሉት ነበር። ታዲያ ከዚህ ዘር አንዲት ፍሬ እንኳ መሬት ላይ ለማሳረፍ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ደግሞ ማመልከቻ አለው፤ ማመልከቻው እንደ መጽሐፍ የወፈረ ነው። ካላገኘነው ሥራው ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል፤ እኔንና ካሳውን ጨምሮ አራት የኮንትራት ሠራተኞች ወደየቤታችን። ካሳው አምስት ልጆች አሉት። እኔ ደግሞ ወደ እናቴ ቤት ተመልሼ «ምን ሆነሽ መጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ ከጎረቤት ሁሉ ከምሰማ ድንጋይ ብፈልጥ ይሻለኝ ነበር።

ከማመልከቻው በፊት የልምምድ ሙከራ አድርጉ ተባልን። ተራ በቆሎ እንዘራለን፤ ግን እንደ ልውጡ ቆጥረን። ድርብ አጥር፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ፣ የሚገባና የሚወጣ የሚፈርምበት መዝገብ። እያንዳንዱ አገዳ ስንት ራስ በቆሎ እንዳወጣ ይጻፋል፤ በመጨረሻ ቁጥሩ ልክ መምጣት አለበት። ቁልፉን ለጋሼ እንድሪስ ሰጠኋቸው። ለሌላ ለማን ልሰጥ?

አጨዳው ደረሰና ቆጠርኩ። ሁለት ራስ ጎደለ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሁለት ጎደለ። ሦስተኛም ያው። በዚያን ዕለት ጋሼ እንድሪስ ቁልፉን ለእኔ ትተው ለጡረታ ጉዳይ ወልድያ ሄደው ነበር። እኔ ቱግ ባይ ነኝ፣ አልክድም። ካሳውን ጠርቼ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የአፌን አወረድኩበት፤ ሌባም አልኩት መሰለኝ። ካሳው መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። አላደረግሁም አላለም፣ አደረግሁም አላለም። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርኩትና ቢሮዬ ገብቼ በሩን ደረገምኩት።

በነጋታው ጠዋት ጋሼ እንድሪስ ቢሮዬ መጡና ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሁለቱን ራስ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ካሳው አይቶኛል። እኔን ላለማጋለጥ ነው ስድብሽን የዋጠው።»

ታሪኩን ዘርዝረው ነገሩኝ። በግራና ገበያ ቀን አንዲት እርጉዝ ሴት ከነሸክሟ በአጥሩ ዳር ስታልፍ ቆመች። በቆሎው እሸት ላይ ነበር። ብዙም አላለችም፤ «አባቴ፣ አማረኝ» ብቻ ነው ያለችው። በአገራችን እርጉዝ አማረኝ ስትል አይሆንም የሚል አዋቂ የለም፤ በሆዷ ያለውን መንፈግ ነው። ጋሼ እንድሪስ በሩን ከፈቱ፣ መዝገቡ ላይ ፈርመው ገቡ፣ ሁለት ራስ ቆርጠው ሰጧት፣ ሲወጡም ፈረሙ። የወጣበት ምክንያት በሚለው ዓምድ ምን ብለው እንደሚሞሉ ስላላወቁ ባዶ ተዉት። መዝገቡን ገልጬ አየሁት፤ እውነትም ባዶ ነው።

እኔ መጀመሪያ የታየኝ ነገር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀላል መሰለኝ። በቆሎው ተራ ነው። ያው ዝርያ ከአጥሩ ውጪ ሞልቷል። ሁለት ራስ ከዚያ ጨምሮ ቁጥሩን መሙላት ነው፤ ማን ያውቃል? ማንንስ ይጎዳል? ይህንኑ ነገርኳቸው። ድምፄንም ዝቅ አድርጌ ነው የነገርኳቸው፤ ድምፄ ዝቅ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል።

ጋሼ እንድሪስ አልተቆጡም። ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት።

«ዘንድሮስ ተራ በቆሎ ነው፣ እሺ» አሉ። «ለከርሞ እውነተኛው ይዘራል። ለከርሞም እርጉዝ ታልፋለች። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ ዶክተር፤ ያኔም እሰጣለሁ።»

«አይሰጡም። ከአልጋዎ ሥር የነበረውን ዘር እንኳ አልነኩም እኮ።»

«የራሴን ረሃብ ነው የቻልኩት» አሉ። «የሰውን አምሮት መቻል አልችልም። አንቺ በዚያ ወረቀት ዝንጀሮን ጽፈሻል፣ ከብትን ጽፈሻል፣ ሌባን ጽፈሻል። እኔንስ የት ጻፍሽኝ?»

ማመልከቻውን ከመሳቢያ አወጣሁት። እውነታቸውን ነው። ተክሉ ከማሳው እንዳይወጣ ምን ጥንቃቄ ይደረጋል በሚለው ጥያቄ ሥር ሁለት ገጽ ሞልቻለሁ፤ ስለ እሾህ ሽቦ አለ፣ ስለ ቁልፍ አለ። ጠይቆ ስለሚወስድና በደግነት ስለሚሰጥ ሰው አንዲት መስመር የለም። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ እሸት አልፎ ለሚሄድ ሰው እንደሚቆረጥ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ቅጹ ስላልጠየቀኝ ረሳሁት። መጀመሪያ ሄጄ ካሳውን በሰደብኩበት ቦታ፣ በዚያው ሠራተኛ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀጥሎ ከጋሼ እንድሪስ ጋር ተቀምጠን እንደገና ጻፍን።

የጎደለውን ሁለት ራስ ጻፍን፤ ለማን እንደተሰጠ፣ ለምን እንደተሰጠ። መፍትሔውም የእሳቸው ነው። ሰው እሸት ከመጠየቅ አይመለስም፤ ስለዚህ የሚጠየቅ በቆሎ ይኑር አሉ። መጀመሪያ ከአጥሩ አጠገብ እንዝራው ብለው ነበር፤ ነፋስ የአበባውን ብናኝ ያሻግረዋል ብዬ አስረዳኋቸው። ጊቢውን ዞረው፣ በእርምጃ ለክተው፣ ሕጉ ከሚለው ርቀት አልፎ ዋናው በር አጠገብ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆሙ። እዚያ ተራ በቆሎ ይዘራል፤ በየሁለት ሳምንቱ እየተከፋፈለ፣ እሸቱ ቶሎ እንዳያልቅ። እኔ ደግሞ በማመልከቻው ላይ «ከሠራተኞች አንዱ» ብዬ ስማቸውን ሳልጠቅስ አለፍኩት። ያንን እንኳ ላድርግላቸው ብዬ ነው። ጡረታቸው ደርሷል፤ በዚህ ምክንያት ቅጣት ቢከተላቸው እንዴት እሆናለሁ?

የገምጋሚዎቹ ቡድን ሊያየን መጣ። መሪያቸው ቀጭን፣ ኮስታራ ሴት ነበረች፤ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ገጽ ታነባለች። ያቺ ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ከሠራተኞች አንዱ የተባለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ እንድሪስ እጃቸውን አወጡ።

«ያደረጉት ስህተት ነው ብለው ያምናሉ?» አለቻቸው።

«ለወረቀቱ ስህተት ነው» አሉ።

«እንደገና ይደግሙታል?»

ጭንቅላቴን የሆነ ቦታ ብደብቀው ደስ ባለኝ። በልቤ አይደግሙትም በሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሹልኝ እያልኩ ነው። ጋሼ እንድሪስ ቁልፉን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ ካለ እደግመዋለሁ» አሉ። «ስለዚህ ቁልፉን አትስጡኝ።»

ሴትዮዋ መልሳቸውን እንዳለ ጻፈች። ቡድኑ ሄደ። እኔ ያን ዕለት እናቴ ጋ ደውዬ ክፍሌን አጽጂልኝ፣ ልመጣ ነው ብያታለሁ።

መልስ ሳይመጣ ወራት አለፉ። ካሳው ሌላ የጥበቃ ሥራ ውርጌሳ ድረስ ሄዶ ጠይቆ ተመለሰ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያየሁ ምግብ አልበላ አለኝ። ጋሼ እንድሪስ ብቻ እንደ ልማዳቸው ገመዳቸውን ይወጥራሉ። ተናደድኩባቸው። አንድ ቀን «እርስዎ ምን ገዶዎት፣ ጡረታዎ ይከፈልዎታል» ብዬ ተናገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። እስካሁን ከተናገርኳቸው ሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ደብዳቤው መጣ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ተፈቅዷል ይላል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ካሳውን ጠርቼ አነበብኩለት፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ከታች ግን ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩ። ለሚጠይቅ የሚሰጠው በቆሎ በር አጠገብ እንዲዘራ፤ ቁልፉን ተመራማሪዋ ብቻ እንድትይዝ። ቀጥሎ የጋሼ እንድሪስ ስም ከነአባታቸው ተጽፎ፣ ወደ ሙከራው ማሳ እንዳይገቡ ይላል። ሠላሳ ዓመት ማሳ ውስጥ ለኖሩ ሰው ይህን እንዴት ብዬ ላንብብ? ደብዳቤውን ይዤ እየፈራሁ ሄድኩ። ወስደው በራሳቸው አነበቡት፣ ስማቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ተገላገልኩ። ቁልፍ የሌለውን ሰው ማን ይለምነዋል?»

ማስመሰል መስሎኝ ፊታቸውን አጠናሁ። ማስመሰል አልነበረም። ከትከሻቸው ሸክም የወረደላቸው ሰው ነበሩ፤ እንዲያውም ዕድሜ የቀነሱ መሰለኝ። ያን ጊዜ ነው ሲጨነቁ የከረሙት ከእኔ ይልቅ እሳቸው እንደነበሩ የገባኝ። የፈሩት ቅጣቱን አልነበረም፤ አንዲት ሴት አማረኝ ብላ አጥሩ ላይ ቆማ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበር የፈሩት።

በዚያ ክረምት እውነተኛው ዘር ተዘራ። እኔ ከአጥሩ ውስጥ፣ እሳቸው በር አጠገብ። እኔን የጠየቀኝን ሁሉ «ጋሼ እንድሪስ ጋ ሂዱ» እላለሁ፤ ሄዶ ያገኛል። እርጉዞችም መጡ፣ ያልረገዙም አማረን እያሉ መጡ። ጋሼ እንድሪስ «የስንት ወር ነሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ አሮጊቶችን ሳይቀር፤ እየሳቁ ይቆርጡላቸዋል። በወሩ መጨረሻ አጥሬ ላይ የሚቆም ሰው አልነበረም። እኔ በሕይወቴ ሰው ከልክዬ እንዲህ ያለ ሰላም ተሰምቶኝ አያውቅም።

አጨዳው ደረሰ። ፈቃዱ እንደሚለው ምርቱ ሁሉ ተቆጥሮ፣ በተቆጣጣሪዎች ፊት ተቃጥሎ፣ አመዱ መቀበር አለበት። ያቺው ኮስታራ ሴት መጣች። በዚያው ጠዋት ጋሼ እንድሪስ ከሰፈራቸው እድር ሁለት ትልልቅ ድስት በጋሪ አስጭነው ሲመጡ አይቼ ተበሳጨሁ፤ በዚህ ቀን ምን ድግስ አለ ብዬ ተነጫነጭኩ። ሥራ ስለነበረብኝ ሳልጠይቃቸው አለፍኩ።

ቆጠርን። ሴትዮዋ ከእኔ ጋር ራሷ ቆጠረች። ልክ መጣ፤ አንድም አልጎደለም። በጉድጓዱ ውስጥ ከምረን እሳት ለቀቅንበት። ትል ያልነካው፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ በቆሎ ነበር፤ ሲቃጠል ማየት ሆድ ይበላል። ያላሰብኩት ነገር ደግሞ ሽታው ነበር። የተጠበሰ በቆሎ ሽታ በነፋሱ ተይዞ ጊቢውን አልፎ ወደ መንገዱ ሄደ። የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ወዲያው ከዋናው በር በኩል የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ «ምንድነው የተሰበሰበው?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄ በመጨረሻዋ ሰዓት ሰው አጥሩን ጥሶ ሊገባ ነው ብዬ ካሳውን እሳቱ አጠገብ ትቼ ወደ በሩ ሮጥኩ።

ማንም አጥር አልጣሰም። ጋሼ እንድሪስ በር ላይ በሁለቱ ድስት መሐል ቆመው፣ በር አጠገብ ከተዘራው የደረቀ በቆሎ የተቀቀለ ንፍሮ በጭልፋ ያድላሉ። ሰዉ በነጠላው ጫፍ፣ በኮፍያው፣ በእጁ እየተቀበለ ይበላል። ሽታው ሰው እንደሚጠራ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ከላይ አገር የወረዱ ሽማግሌ ጢሱን አይተው፣ ንፍሮውን አይተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝቅ ባለ ድምፅ «የማን ለቅሶ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የበቆሎ ነው» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «ቀብሩ ከውስጥ ነው፤ ዘመድ ብቻ ነው የሚገባው። አንቱ ንፍሮውን ይብሉ።»

በሩን ተደግፌ ሳቅሁ፣ ስስቅ እንባዬ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ። አለቀ፤ ተፈቅዶ፣ ተዘርቶ፣ ተቆጥሮ አለቀ፤ የተራበም የተከፋም ሰው የለም። ሴትዮዋ መዝገቧን እንደያዘች ከኋላዬ ደረሰች። ሰዉን አየች፣ ድስቱን አየች፣ መነጽሯን አስተካከለች።

«ይሄ ከየትኛው በቆሎ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከሚሰጠው ነው» አሏትና ጭልፋውን ሞልተው ዘረጉላት። ሴትዮዋ ብዕሯን ኪሷ ውስጥ ከተተች፣ መዝገቡን ለእኔ አቀበለችኝ፣ ሁለት እጇንም ዘረጋች።